ማየትና መከታተል፤ ስለ ምሕዋር ውዳቂ የሚነገሩ የሙያ ቃላት

መግቢያ

አንድ የሙያ ዘርፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ የተርጓሚው ጭንቀት አብዛኛውን ጊዜ በስሞች ላይ ያርፋል። ለዕቃው ስም ከተገኘለት ሥራው ያለቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ በአንዳንድ የዕውቀት ዘርፎች ከባዱ ስሕተት የሚፈጠረው ከስሙ ይልቅ በግሡ ላይ ነው። ከነዚህም አንዱ አገልግሎታቸውን ጨርሰው በምድር ዙሪያ የሚዞሩ ሰው ሠራሽ አካላትን የሚፈልገውና የሚከታተለው ሙያ ነው። በዚህ ሙያ «አየ» እና «ተከታተለ» የሚሉት ሁለት ግሦች እንደ አንድ ከተቈጠሩ፣ የአማርኛው አንባቢ የሚያገኘው መረጃ በቍጥር የተዛባ፣ በፍሬ ነገሩም ከእውነት የራቀ ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል፣ «በምድር ዙሪያ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ውዳቂዎች በክትትል ላይ ይገኛሉ» ተብሎ ቢጻፍ ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም። በይዘቱ ግን ሐሰት ነው። የአውሮፓ የኅዋ ድርጅት በ2025 ባወጣው ዘገባ መሠረት በክትትል ላይ የሚገኙት አካላት ወደ 40,000 ገደማ ሲሆኑ፣ ከነዚህም ውስጥ 11,000 ያህሉ በሥራ ላይ ያሉ ሳተላይቶች ናቸው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚለው ግምት ከአንድ ሴንቲ ሜትር የሚበልጡትን ሁሉ የሚመለከት ነው፤ የአብዛኞቹም ሥፍራ በተናጠል አይታወቅም። በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የአደጋው ዋና ምክንያት በመሆኑ፣ ግሦቹን መለየት ጌጥ ሳይሆን ግዴታ ነው። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ስሙ፣ ቀጥሎም የመሣሪያዎቹ አሠራርና ግሦቹ ይመረመራሉ፤ በመጨረሻም ለመዝገበ ቃላት የሚሆኑ ብያኔዎች ይቀርባሉ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1. ስሙን ስለ መምረጥ

አካላቱ የሚጓዙበት መንገድ «ምሕዋር» መባሉ የታወቀ ነው። ቃሉ «ሖረ» (ሄደ) ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሆኖ መሄጃን ስለሚያመለክት ለጕዳዩ የተስማማ ነው። አከራካሪው በምሕዋሩ ላይ ለሚዞረው ነገር የሚሰጠው ስም ነው። «ቆሻሻ»፣ «ፍርስራሽ»፣ «ጥራጊ»፣ «ቅሪት»፣ «ስብርባሪ» እና «ውዳቂ» የሚሉት ቃላት ሁሉ ለውድድር ሊቀርቡ ይችላሉ።

ከመምረጥ በፊት መበየን ይገባል። የልዩ ልዩ አገሮች የኅዋ ተቋማት በ1993 የመሠረቱት የጋራ አስተባባሪ ኮሚቴ ከሰጠው ብያኔ አራት መለያዎችን ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ አካሉ ሰው ሠራሽ ነው፤ ስለዚህ በተፈጥሮ የሚገኘው የጠፈር ድንጋይ አይገባበትም። ሁለተኛ፣ አገልግሎት የማይሰጥ ነው። ሦስተኛ፣ ሙሉ አካልም ሆነ ስባሪ ሊሆን ይችላል። አራተኛ፣ በምድር ዙሪያ የሚዞር ወይም ወደ ከባቢ አየር ተመልሶ በመግባት ላይ ያለ ነው።

ቃላቱን በነዚህ መለያዎች ለመፈተን ሁለት እውነተኛ አካላትን እንውሰድ። አንዱ በመጋቢት ወር 1958 የተላከው ቫንጋርድ 1 የተባለው የአሜሪካ ሳተላይት ነው። ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሆነው ይህ ትንሽ ሉል ከ1964 ጀምሮ የሬዲዮ ድምፁ ጠፍቷል፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ድረስ ምድርን ይዞራል። በምሕዋር ላይ ካሉት የሰው ልጅ ሥራዎችም ሁሉ በዕድሜ የሚቀድመው እርሱ ነው። ሁለተኛው፣ በሰኔ ወር 1961 ትራንዚት 4ኤ የተባለውን ሳተላይት ወደ ምሕዋር ካደረሰ በኋላ የፈነዳው የሮኬት ክፍል ነው። ከእርሱም ወደ 300 የሚጠጉ ስባሪዎች ወጥተዋል፤ በምሕዋር ላይ መፈራረስ በመታወቅ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ቆሻሻ» ሊታጠብ ወይም ሊወገድ የሚገባው እድፍ ነው፤ ቫንጋርድ ግን ሥራውን የጨረሰ ዕቃ እንጂ እድፍ አይደለም። «ፍርስራሽ» የቤትና የግንብ ነው፤ በወደቀበት ቦታ ተከምሮ የሚቀር እንጂ በሴኮንድ ከሰባት ኪሎ ሜትር በላይ የሚበር አይደለም። «ጥራጊ» ጠራጊን ይጠይቃል፤ የዚህ ጕዳይ ችግር ደግሞ ያልተጠረገ መሆኑ ነው። «ቅሪት» የተሻለ ነበር፤ ሆኖም «ቅሪተ አካል» በሚለው ስያሜ ለሌላ ሙያ ስለተሰጠ ግራ ያጋባል። «ስብርባሪ» ለ1961ዱ ፍንዳታ ፍጹም ተስማሚ ሲሆን ለቫንጋርድ አይሆንም። ይህም ቀላል ጕድለት አይደለም፤ ምክንያቱም በቍጥር የሚበዙት ስባሪዎች ቢሆኑም፣ አብዛኛውን ክብደት የያዙት ያልተሰበሩት አሮጌ ሳተላይቶችና የሮኬት አካላት ናቸው። የነገ ስብርባሪዎች ምንጭም እነርሱ ናቸው።

የቀረው «ውዳቂ» ነው። «ውዳቂ ብረት» በሚለው የገበያ አነጋገር ቃሉ ሙሉውንም ስባሪውንም ያጠቃልላል፤ ሰው ሠራሽ መሆንንና ከአገልግሎት ውጭ መሆንንም አብሮ ይይዛል። አንድ ጕድለት ብቻ አለበት፤ ይኸውም «ወደቀ» ከሚለው ግሥ በመውጣቱ ነው። «የኅዋ ውዳቂ» ሲባል ሰሚው ከሰማይ ወደ ምድር የወደቀ ነገር ሊመስለው ይችላል። የምንናገርለት አካል ግን አደገኛ የሆነው ባለመውደቁ ነው። ስለዚህ ገላጩን በመለወጥ «የምሕዋር ውዳቂ» ማለት ይሻላል፤ በምሕዋር ላይ ያለ መሆኑ ከተነገረ ያልወደቀ መሆኑ አብሮ ይታወቃልና። «ስብርባሪ» የሚለው ቃል ደግሞ ተሰብሮ ለወጣው ክፍል ብቻ እንደ ንዑስ ስያሜ ይቀመጥ።

ወደ ከባቢ አየር ለሚገባው አካል «ተመላሽ» የሚለው ቃል ይበቃል። በታኅሣሥ ወር 2024 መጨረሻ በኬንያ በማኩዌኒ አውራጃ በሙኩኩ መንደር፣ ስፋቱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ክብደቱ 500 ኪሎ ግራም ያህል የሆነ የብረት ቀለበት መውደቁ ይታወሳል። የኬንያ የኅዋ ድርጅትም ከሮኬት ላይ የተለየ ክፍል እንደሚመስል በወቅቱ አስታውቋል። ይህ ቀለበት በምሕዋር ላይ ሳለ የምሕዋር ውዳቂ፣ ወደ አየር ሲገባ ተመላሽ፣ መሬት ላይ ካረፈ በኋላ ግን በተራ አማርኛ ውዳቂ ብረት ነው። ሦስቱ ደረጃዎች ሦስት ስም ካገኙ ተርጓሚው አይቸገርም።

2. መሣሪያዎቹ እንዴት ይሠራሉ?

ግሦቹን ለመለየት የመሣሪያዎቹን አሠራር በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል። ለሥራው የሚያገለግሉት በዋናነት ራዳርና ቴሌስኮፕ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ስሞች በአማርኛ ስለተለመዱ ሌላ ስያሜ መፍጠር አያሻም።

ራዳር የራሱን የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱም አካሉን ነክቶ ሲመለስ ይቀበላል። ሞገዱ ሲሄድም ሲመለስም ስለሚበተን፣ የአካሉ ርቀት እጥፍ ሲሆን ተመልሶ የሚደርሰው ኀይል ወደ ዐሥራ ስድስተኛ እጅ ይወርዳል። ቴሌስኮፕ ግን ብርሃኑን ከፀሐይ ስለሚያገኝ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚያጣው ሦስት አራተኛውን ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ባለው ዝቅተኛ ምሕዋር በይበልጥ ራዳር፣ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የመገናኛ ሳተላይቶች ምሕዋር ደግሞ በይበልጥ ቴሌስኮፕ ይሠራል። ራዳር ሌሊትና ቀን፣ ደመናና ጥራት አይለይም። ቴሌስኮፕ ግን ለተመልካቹ የጨለመ ሰማይ፣ ለአካሉ ደግሞ የፀሐይ ብርሃን ያስፈልገዋል።

ከርቀት ሌላ የሞገዱ ርዝመት ይወስናል። አካሉ ከሞገዱ ርዝመት በጣም ካነሰ የሚመልሰው ኀይል በድንገት ይሟሽሻል። ግራቭ የተባለው የፈረንሳይ ራዳር ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ሞገድ ስለሚሠራ ትልልቆቹን አካላት ይይዛል። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር የሚገኘው ሄይስታክ ራዳር ግን ሞገዱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል በመሆኑ አንድ ሴንቲ ሜትርና ከዚያም የሚያንሱትን ለማየት ይችላል።

ተመልሶ ለሚመጣው ሞገድ ምን ስም እንስጠው? «የገደል ማሚቶ» የሚለው ውብ አነጋገር ወዲያው ወደ አሳብ ይመጣል። ነገር ግን በድምፅና በገደል የታሰረ ስለሆነ ለሬዲዮ ሞገድ ሲነገር ሥዕሉ ይጋጫል። «ነጸብራቅ» ደግሞ በብርሃን ትምህርት የተያዘ ቃል ነው። የላኩት ነገር መልስ ይዞ መምጣቱን የሚያሳየው «ምላሽ» የሚለው ተራ ቃል ሥራውን ያለ ችግር ይሠራል፤ «የራዳር ምላሽ» እንበል።

3. ማየት

ሄይስታክን የመሰለ ራዳር ጨረሩ እጅግ ጠባብ ነው። ትንንሾቹን አካላት አሳዶ ለመያዝ ከመሞከር ይልቅ ጨረሩን በአንድ አቅጣጫ ተክሎ መጠበቅ ይቀለዋል። አንድ ስባሪ ጨረሩን ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አቋርጦ ይጠፋል። በዚያች ቅጽበት ርቀቱ፣ ወደ ራዳሩ የመቅረቡ ወይም ከእርሱ የመራቁ ፍጥነትና የምላሹ ጥንካሬ ይመዘገባል፤ ከዚህ በኋላ ስባሪው የት እንደሚሄድ በበቂ ሁኔታ አይታወቅም። በብዙ ሰዓታት የተሰበሰበው ቍጥር ግን በስሌት ሲስፋፋ፣ በዚያ ከፍታ በጠቅላላው ስንት ያህል ስባሪዎች እንዳሉ ለመገመት ያስችላል። በጀርመን አገር በቦን አጠገብ ያለው ቲራ የተባለው ራዳር ላኪ፣ መቶ ሜትር ስፋት ያለው የኤፈልስበርግ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ተቀባይ በመሆን ይህን የመሰለ ቈጠራ በጋራ አካሂደዋል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚለው ግምት የሚቆመው በእንዲህ ያሉ ቈጠራዎችና በእነርሱ ላይ በተመሠረተ ስሌት ነው።

ሰውየው በጨለማ መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚያልፉትን ኮቴ ይቈጥራል እንበል። ሲነጋ «ዛሬ ሌሊት መቶ ሰው አለፈ» ሊል ይችላል፤ ማን እንደሆኑና ወዴት እንደሄዱ ግን አያውቅም። ቍጥራቸውን አውቋል፤ እነርሱን ግን አላወቀም።

ለዚህ ድርጊት «ማግኘት» የሚለው ግሥ ከልክ በላይ ይናገራል፤ ያገኙት ነገር በእጅ ይቈያልና። «ግኝት» ደግሞ ከዚህ በፊት ላልታወቀ ነገር የተመደበ ቃል ነው። የተሻለው «ማየት» ነው። «ራዳር ዓይን የለውም፤ እንዴት ያያል?» የሚል ቢኖር፣ አማርኛ ማየትን ለዓይን ብቻ እንዳልተወው ማስታወስ ይበቃል። ወጥ ቀምሶ ያያል፤ ጨርቅ ዳስሶ ያያል፤ ዕቃ አንሥቶ ያያል። በማናቸውም መንገድ የነገሩን መኖርና ሁኔታ መረዳት በአማርኛ ማየት ነው። የድርጊቱ ስም «ዕይታ» ቢባል፣ ከ«አመለካከት» ጋር እንዳይደባለቅ «የራዳር ዕይታ» ወይም «የቴሌስኮፕ ዕይታ» ተብሎ ከመሣሪያው ጋር ሊጣመር ይችላል።

4. መለየትና መከታተል

መከታተል ሌላ ነገር ነው። አካሉ ከታየ በኋላ በቂ ልኬት ተወስዶ ምሕዋሩ ይሰላል፤ ከዚያም በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አቅጣጫ ይመጣል ተብሎ ይነገርለታል። በተባለው ሰዓት ከመጣ ያው አካል መሆኑ ይታወቃል፤ መዝገብ ላይም ቍጥር ይሰጠዋል። ስለዚህ በማየትና በመከታተል መካከል ሦስተኛ ግሥ አለ፤ እርሱም «መለየት» ነው። ዛሬ የታየው ትናንት ከታየው ጋር አንድ መሆኑ ካልተለየ ክትትል የለም።

አንዳንድ ተርጓሚ ለዚህ ሥራ «ዱካ መከተል» የሚለውን አነጋገር ሊወድ ይችላል። ዱካ ግን ያለፈው በረገጠው መሬት ላይ ትቶት የሚሄደው ምልክት ነው። አዳኝ ዱካ የሚያነበው አውሬው የት እንደ ነበረ ለማወቅ ነው። በምሕዋር ላይ የሚበር ብረት ደግሞ የሚረግጠው መሬት፣ የሚተወውም ምልክት የለውም፤ ተከታታዩም የሚሠራው ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ነው። ሥራው ከዱካ ይልቅ ቀጠሮን ይመስላል። ለእያንዳንዱ አካል ቀጠሮ ይሰጠዋል፤ ቀጠሮውን ካከበረ ይመዘገባል፤ ካላከበረ እንደ ገና ይፈለጋል። ስለዚህ «ክትትል» የሚለው ልማዳዊ ቃል ይበቃል፤ ብያኔው ግን «ዳግመኛ መገናኘትን» የግድ ማካተት አለበት።

ቀጠሮውን የሚያፋልሰው ዋናው ነገር በዝቅተኛው ምሕዋር ላይ ያለው ስስ አየር ነው። ፀሐይ ስትታወክ የላይኛው አየር ይሞቃል፤ ያብጣል፤ አካላቱንም ይጐትታል። በዚህም ምክንያት የአንድ አካል የነገ ሥፍራ በተወሰነ ስሕተት የሚታወቅ ሲሆን፣ ስሕተቱ ከቀን ወደ ቀን እያደገ ኪሎ ሜትሮች ይደርሳል። ክትትል አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሳይሆን የማያቋርጥ ድርጊት የሚሆነው ስለዚህ ነው፤ የመደጋገም ትርጕም ያለው «ተከታተለ» የሚለው ግሥም ይህን በቅርጹ ይገልጻል።

እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ስያሜ መመርመር ይገባል። በአሜሪካ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 2013 ድረስ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ የተዘረጋ፣ በላዩ የሚያልፈውን ሁሉ የሚመዘግብ የራዳር መስመር ነበር። ከመጋቢት 2020 ጀምሮ ደግሞ በማርሻል ደሴቶች በክዋጃሌን አዲስና እጅግ የረቀቀ ራዳር በዚሁ ዓይነት አገልግሎት ላይ ውሏል። ሁለቱም በእንግሊዝኛ የሚጠሩት በአጥር ስም ነው። ቃሉን በቁሙ «አጥር» ብሎ ማምጣት ግን ያሳስታል፤ በአማርኛ አጥር እንዳይገባ የሚከለክል ነውና። ይህ ራዳር ምንም ነገር አይከለክልም፤ አላፊውን ይቈጥራል፣ ይመዘግባልም። መንገደኛ የሚታይበትና የሚመዘገብበት ሥፍራ በአማርኛ «ኬላ» ይባላል፤ ስለዚህ «የራዳር ኬላ» ማለት ከአጥር ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል።

5. የልዩነቱ ዋጋ

በየካቲት 10 ቀን 2009 ከሳይቤሪያ በላይ 790 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በሥራ ላይ የነበረው ኢሪዲየም 33 የተባለው የአሜሪካ የመገናኛ ሳተላይትና አገልግሎቱን ያቋረጠው የሩሲያ ኮስሞስ 2251 ተጋጩ። ሁለቱም በመዝገብ የነበሩ፣ በክትትል ላይ ያሉ አካላት ነበሩ። በዚያን ጊዜ ለሕዝብ ይወጣ የነበረው ስሌት ከ500 ሜትር በላይ ተራርቀው እንደሚተላለፉ ያመለክት ነበር። ከግጭቱም በክትትል ሊያዙ የሚችሉ ወደ 2,000 የሚጠጉ ስብርባሪዎች ወጡ፤ ያልታዩት እጅግ ይበዛሉ።

«መተላለፍ» የሚለውን ግሥ ልብ ይሏል። ሁለት ሰዎች ሳይገናኙ ሲቀሩ «ተላለፉ» እንላለን፤ ቃሉ መቀራረብንም አለመገናኘትንም በአንድነት ይዟል። ስለዚህ ሁለት አካላት ተጠጋግተው ሳይነካኩ ማለፋቸውን ለመግለጽ ከዚህ የተሻለ ቃል መፈለግ አያስፈልግም። ነገር ግን ገና ያልደረሰ ክሥተት ሲተረጐም «ይተላለፋሉ» ብሎ መቍረጥ አይገባም፤ በ2009 እንደታየው ስሌቱ ግምት ነውና፣ «ይተላለፋሉ ተብሎ ይገመታል» ማለት ያስፈልጋል።

ይህ በክትትል ላይ ላሉት ነው። ታይተው በክትትል ያልተያዙትስ? ዓለም አቀፉ የኅዋ ጣቢያ የለበሰው ጋሻ በግምት እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚደርሱ ስባሪዎችን ይመክታል። በጥቅሉ ከዐሥር ሴንቲ ሜትር በላይ የሆኑት ደግሞ በክትትል ላይ ስለሚገኙ ጣቢያው ከመንገዳቸው ፈቀቅ ሊል ይችላል። በሁለቱ መካከል ያሉት ለጋሻው ይከብዳሉ፤ ለመዝገቡም ይረቃሉ። አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የአሉሚኒየም እንክብል ክብደቱ ከአንድ ግራም ተኩል አይበልጥም፤ በሴኮንድ ዐሥር ኪሎ ሜትር ሲበር ግን አንድ ቶን የሚመዝን መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ካለው የሚስተካከል ጕልበት አለው። በ1983 ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር መስኮቷ ጥቃቅን በሆነ የቀለም ቅርፊት ተመትቶ ስለ ተቦረቦረ መለወጥ ግድ ሆኗል።

ነገሩ ሳተላይት ላላቸው አገሮች ሁሉ የሚደርስ ነው። ኢትዮጵያም በታኅሣሥ ወር 2019 የመጀመሪያዋን የምድር ምልከታ ሳተላይት ከቻይና ታይዩዋን ማስወንጨፊያ ልካለች። እንዲህ ያለ ሳተላይት ላለው አገር «ይህ አካል ታይቷል» እና «ይህ አካል በክትትል ላይ ነው» የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው አደጋ እንዳለ ይነግራል፤ ሁለተኛው አደጋው መቼና በየት በኩል እንደሚመጣ ይነግራል። ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ሁለተኛው ብቻ ነው። ተርጓሚው ሁለቱን በአንድ ቃል ከመለሰ፣ አንባቢው በሌለ ጥበቃ እንዲተማመን ያደርገዋል።

6. ለመዝገበ ቃላት የሚቀርቡ ብያኔዎች

የምሕዋር ውዳቂ፤ በምድር ዙሪያ የሚዞር፣ አገልግሎት የማይሰጥ ማናቸውም ሰው ሠራሽ አካል፣ ሙሉም ሆነ ስባሪ።

ስብርባሪ፤ በፍንዳታ፣ በግጭት ወይም በእርጅና ከአንድ አካል ተሰብሮ የወጣ የምሕዋር ውዳቂ።

ተመላሽ፤ ምሕዋሩን ለቅቆ ወደ ከባቢ አየር በመግባት ላይ ያለ አካል።

የራዳር ምላሽ፤ ራዳር ከላከው ሞገድ አካሉን ነክቶ የሚመለሰው ክፍል።

ዕይታ፤ የአንድን አካል መኖር በመሣሪያ መረዳት፤ የአካሉን ማንነትም ሆነ የወደፊት ሥፍራ ማወቅን አያካትትም።

ልየታ፤ በተለያየ ጊዜ የታየው አካል አንድና ያው መሆኑን ማረጋገጥ።

ክትትል፤ የተለየን አካል ምሕዋሩን አስልቶ፣ በተነገረለት ጊዜና ሥፍራ ደጋግሞ እያዩ መዝገቡን ማደስ።

የራዳር ኬላ፤ በተወሰነ የሰማይ መስመር የሚያልፉትን አካላት ሁሉ ለማየትና ለመመዝገብ የተዘረጋ ራዳር።

መተላለፍ፤ ሁለት አካላት በምሕዋር ላይ ተቀራርበው ሳይነካኩ ማለፍ።

በነዚህ ብያኔዎች መሠረት በመግቢያው ላይ የተነሣው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይታረማል፤ «በምድር ዙሪያ ከአንድ ሴንቲ ሜትር የሚበልጡ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የምሕዋር ውዳቂዎች እንዳሉ በዕይታና በስሌት ተገምቷል፤ በክትትል ላይ ያሉት አካላት ግን፣ በሥራ ላይ ያሉት ሳተላይቶች ጭምር ተቈጥረው፣ ወደ 40,000 ገደማ ናቸው።» ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል፤ ነገር ግን አንባቢው የሚታወቀውንና የማይታወቀውን ለይቶ እንዲይዝ አስችሎታል።